ሊሸጥ ነው ተብሎ የገዛሁት ሳጥን፦ ሊጋ ፕሪቫዳ ቁጥር 9

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2014 ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከሥራ ስወጣ ጎራ የምልበት አንድ ሲጋር ቤት ነበር፣ ስሙ ይቅር። ሊጋ ፕሪቫዳ ቁጥር 9 የሚባለውን የድሩ ኢስቴት ኩባንያ ሲጋር አንድ ፍሬ ልገዛ ገባሁ፤ ሻጩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “ድሩ ኢስቴት ሊሸጥ ነው እየተባለ ነው፣ ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለውን አታገኝም” አለኝና ሙሉ ሳጥን አሸክሞ ሸኘኝ። የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ሳምንት ነበር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ወሬው እውነት ሆነ፣ በዚያው ዓመት ስዊሸር ገዛው። ስዊሸር ማለት በየነዳጅ ማደያው የምታዩትን፣ በማሽን የሚጠቀለለውን ጣፋጩን ስዊሸር ስዊትስ የሚያመርተው የጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ኩባንያ ነው። ድሩ ኢስቴት ደግሞ ኒካራጓ፣ እስቴሊ ከተማ ውስጥ በእጅ የሚያስጠቀልል። የእማማን ምጣድ የብስኩት ፋብሪካ ገዛው እንደማለት ነው፤ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

የኔ ጣጣ ግን ሌላ ነበር። ቤት ሄጄ ሳጥኑን ስከፍተው ሲጋሮቹ ርሰዋል። በጣቴ ጫን ሳደርጋቸው እንደ ስፖንጅ ይላሉ። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ይበቃዋል፣ እነዚህ ግን መታጠቢያ ቤት የከረሙ ነው የሚመስሉት። የመጀመሪያው ሦስቴ ጠፋብኝ፤ ስስበው ጉንጬ ገባ እንጂ ጭስ የሚባል የለም። ልመልስ ብሄድ “የተከፈተ ሳጥን አንቀበልም” ተባልኩ። በቃ፣ ወስጄ ሁለት ወር አደረቅኋቸው።

ከዚያ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ልዩ ነው። የውጭ ቅጠሉ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዘይት የተቀባ የሚመስል የኮነቲከት ብሮድሊፍ ነው። ከሥሩ ያለው ማሰሪያ ቅጠል የብራዚል ማታ ፊና፣ ውስጡ የኒካራጓና የሆንዱራስ። ሲጀመር ቁንዶ በርበሬው ከንፈር ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ከዚያ የተቆላ ቡናና ያልጣፈጠ ቸኮሌት ይከተላል። ቡና ከአቦል ወደ በረካ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ይሄ ግን በረካው ላይ ነው የሚብሰው። ባዶ ሆድ እንዳትሞክሩት፣ እኔ አንዴ ሞክሬ ቁጭ ብዬ አልቦኛል።

ባለፈው ወር ከዚያ ሳጥን ከተረፉኝ ሁለት ፍሬዎች አንዱን አዲስ ከተገዛ ጋር ጎን ለጎን አጨስኩ። የድሮው ቁንዶ በርበሬው ሞቷል፣ ለስልሷል፣ ግን ያ የዕድሜ ሥራ ነው። አዲሱ ያው የማውቀው ነው። አሁንም የሚሠራው እስቴሊ ነው። የተቀየረው ዋጋው ነው፤ እሱ እንኳን ዘንድሮ ያልተወደደ ምን አለ?

አዲስ አበባ ያሉት አጎቴ ትዝ አሉኝ። ጃፓን ቶባኮ በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር የገዛ ጊዜ ስልክ ስደውል “ኒያላ እኮ ጣዕሙ ተቀየረ!” ብለው ማሉልኝ። “መቼ የተገዛ ነው ጋሼ?” አልኳቸው። ለካ ፓኮው ካለፈው ሳምንት የተረፈ ነው።

ስለዚህ ሊጋ ቁጥር 9 ጠንካራ ለሚወድ ሰው ግዙ እላለሁ። አንድ ፍሬ። በጣታችሁ ጫን አድርጉት፤ ከረሰረሰ ወይም ኮሽ ካለ ተዉት። ለጀማሪ አይሆንም።

በ2023 ሌላው ሲጋር አምራች አሌክ ብራድሊ ለስካንዲኔቪያን ቶባኮ ግሩፕ በ72.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ያ ሻጭ ደወለልኝ። አላነሳሁም።