ጎማ እንዲቆይ ገንዘብ የት ቢወጣ ይሻላል? መለኪያ፣ አላይመንትና ናይትሮጅን ሲነጻጸሩ

ጎሚስታ ቤት ጎራ ያለ ሰው ጥያቄው ይዥጎደጎድበታል። ናይትሮጅን ይሞላ? አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ይሠራ? ባላንስስ (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማመጣጠን)? ሁሉም «ጎማ ያቆያል» ተብሎ ነው የሚሸጠው። ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይዞ በጀት ለጠበበው ሰው የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ የራስ የንፋስ መለኪያ፣ ቀጥሎ ጎማው ምልክት ሲያሳይ አላይመንት፤ ናይትሮጅን ገንዘብ ከተረፈ ብቻ።

መለኪያ ለምን ቀደመ? ጎማ ባይበሳም በወር 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ) ገደማ ንፋስ ያጣል። 32 ላይ የተሞላው ስድስት ወር ሳይታይ ከከረመ 26 አካባቢ ይገኛል። ይህ ደግሞ በዓይን አይለይም፤ በእግር መትቶ መሞከርም ምንም አይነግርም። ንፋስ ያነሰው ጎማ ሁለቱም ጠርዞቹ ቀድመው ይላጣሉ፣ ነዳጅ ይበላል፣ በረጅም መንገድ ላይ ደግሞ ይግላል። ንፋስ የበዛበት በተቃራኒው መሃሉ ላይ ያልቃል፣ ጉድጓድ ሲያገኝም ቶሎ ይጎዳል።

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት መለኪያ አለ። የእስክሪብቶ ቅርጽ ያለው ርካሽ ነው፣ ባትሪም አይፈልግም፤ ግን ቁጥሮቹ የተጣበቡ ናቸው፣ አቧራ ሲገባበትም ዘንጉ ይይዛል። ባለ ቀስቱ ለማንበብ ይመቻል፤ ችግሩ አንዴ ከወደቀ ሊዛባ መቻሉ ነው። ሲገዙት ቀስቱ በትክክል ዜሮ ላይ መቆሙን ይዩ፣ በጎማ የተሸፈነውንም ይምረጡ። ዲጂታሉ ጨለማ ውስጥ ሳይቀር ይነበባል፣ ባትሪው ሲያልቅ ግን ሥራ ያቆማል። እኔ ብገዛ ባለ ቀስቱን ነው። ከመኪናው ሲጋራ መለኮሻ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ትንሽ ኮምፕሬሰር ክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ሰው ያዋጣል፤ በላዩ ላይ ያለው መለኪያ ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳት ግን ቁጥሩን በራስዎ መለኪያ ያረጋግጡ።

ስንት ይሞላ ለሚለው መልሱ ያለው የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ወረቀት ላይ ነው። ከጃፓን ገበያ በመጡ መኪኖች ላይ በኪሎፓስካል ይጻፋል፤ 220 ማለት 32 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ የንፋስ ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው መጠን አይደለም። ልኬቱ የሚወሰደው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው።

«ቆላ ስትወርድ ንፋስ ቀንስ» የሚል ምክር ሰምተው ይሆናል። አይቀበሉት። መለኪያ የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሰመራ ግን 430 ሜትር አካባቢ። ወደ ታች ሲወርዱ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር በዚያ ብቻ ንባቡ 3 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ በየ6 ዲግሪ ሴልሺየሱ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይመልሰዋል። ሰመራ አድረው ጠዋት ሲለኩት ከአዲስ አበባው ብዙም አይርቅም። ሲነዳ የዋለ ጎማ ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ቢነበብ የሚጠበቅ ነው፤ ያን ጊዜ ካስተነፈሱት ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይሆናል፣ ጎኑ እየተጣጠፈ የባሰ ይግላል። ሽሽቱ ከመፈንዳት ከሆነ፣ ማስተነፈሱ ወደዚያው ነው የሚወስደው።

አላይመንትና ባላንስ በስም ይምታቱ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። መሪው በ80 እና 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መካከል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ ባላንስ ያሠሩ፤ ዋጋውም ያንሳል። መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት፣ ወይም ጎማው በአንድ ጠርዝ ብቻ የሚላጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ የአላይመንት ነው። ጉዳቱ በዓይን ሳይታይ በመዳፍ ይታወቃል፦ የጎማውን ጥርስ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ያሻሹ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ ብሎ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ጎማዎቹ ትይዩ ሆነው አይሄዱም። የመሪው መገጣጠሚያዎች ልል ሆነው አላይመንት ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው፤ በሳምንቱ ይመለሳል።

ጎማ ማዟዟር ከሁሉም ርካሽ ነው፤ ክሪክና ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል። ጉልበቱ ከፊት የሆነ መኪና የፊቱን ጎማ ቀድሞ ስለሚበላ ከ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ የፊቱን በዚያው ጎን ወደ ኋላ፣ የኋላውን አሻግሮ ወደ ፊት ማምጣት ነው። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ያለበት ጎማ ግን አይሻገርም። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የበዛው የቮልስዋገን አይዲ 4 ኤሌክትሪክ መኪና የኋላ ጎማው ከፊቱ ስለሚሰፋ (በ19 ኢንቹ ቸርኬ ፊቱ 235፣ ኋላው 255 ነው) ከፊት ወደ ኋላ ማዟዟር አይቻልም። ከ2 ቶን የሚያልፍ ክብደትና ከኋላ የሚገፋ ሞተር ይዞ ስለሚሄድ የኋላዎቹ ቀድመው ቢያልቁ አይግረምዎ። ለእሱ ባለቤት መለኪያው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ናይትሮጅን? ተራው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ንጹሑ እርጥበት የለውም፣ የሚወጣውም ትንሽ በዝግታ ነው፤ ለአውሮፕላንና ለውድድር መኪና ይጠቅማል። ለቤት መኪና ልዩነቱ ከፍሎ የሚገዙት አይደለም። በነጻ ከተሞላልዎ እሰየው፣ ቆይቶ ተራ ንፋስ ቢጨመርበትም ችግር የለውም።

ሲበሳስ? ቀዳዳው ውስጥ ክር ከውጭ የሚገባበት ጥገና ጎማው ሳይወልቅ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ውስጡ መጎዳቱ ግን አይታይም። ስለዚህ ለመንገድ ነው፣ ለከርሞ አይደለም። ጎማው ወልቆ ከውስጥ የሚለጠፈው ፓች፣ በተለይ ቀዳዳውንም አብሮ የሚሞላው ዓይነት፣ ዋጋው ይወደዳል፤ ልዩነቱን ግን ይክፈሉት። ቲዩብለስ (ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ) ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ እንክተትበት የሚልዎት ካለ እሺ አይበሉ፤ ከመነዳሪ ሲበሳ ንፋሱ በአንዴ ነው የሚወጣው። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት መሬት በሚነካው በኩል እስከ 6 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቀዳዳ ነው። ጎኑ ላይ የተበሳ ጎማ በየትኛውም መንገድ አይጠገንም፤ ጎሚስታው «ይይዛል» ቢልም ስኮርታውን አስገጥመው ይሂዱ። የስኮርታውንም ንፋስ ለክተው።