ለጂኦጂብራ ሠሪዎች ምስጋና፣ ለሂሳብ መምህራን ጥቆማ

ሂሳብን በሥዕል የሚያሳየው የጂኦጂብራ ፕሮግራም አዘጋጆች ሆይ፣ እግዜር ይስጥልን። ሂሳብ የምናስተምር ሰዎች ሥራችሁን በነጻ ስንጠቀምበት ኖረን በአደባባይ ሳናመሰግን መቆየታችን ያስተዛዝባል። ደረቅ ምስጋና ብቻ ግን ለሌላ መምህር ምንም አይፈይድለትም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ፣ ክፍል ውስጥ በምን በኩል ቢገባ እንደሚያዋጣና ተማሪን የት ላይ እንደሚያሳስት አብረን እንጽፋለን። ላልሞከረው መምህርና ለልጁ አጋዥ ለሚፈልግ ወላጅ ጥቆማ ይሁን።

ጂኦጂብራን ማርኩስ ሆኸንዋርተር እ.ኤ.አ. በ2001 በኦስትሪያው ሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ሥራቸው አድርገው ጀመሩት። አንድ ነገር በሥዕልም በእኩልታም ጎን ለጎን ይታያል፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይከተላል። ክቡን በጣት ሲጎትቱት እኩልታው ውስጥ ያለው ቁጥር ይቀየራል፤ ቁጥሩን ሲቀይሩት ክቡ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ለንግድ እስካልዋለ ድረስ አይከፈልበትም። በስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል፤ አንዴ ከተጫነ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ለጀማሪ የምንመክረው ካሬ መሥራትን ነው። ተራ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ተማሪ "በዓይን ልክ ነው" ከማለት ወደ "ልክ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው" የሚሻገርበት ከዚህ የተሻለ ድልድይ አላየንም። በመጀመሪያ አራት ነጥቦችን በግምት አስቀምጦ በፖሊጎን መሣሪያ ያያይዛቸው። ካሬ ይመስላል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ይጎትተው፤ ወዲያው ይንጋደዳል። ለምን ተንጋደደ ብሎ መጠየቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ መልሱን መምህሩ አይንገረው።

ቀጥሎ የሚገነባው ካሬ ይመጣል። ከሀ እስከ ለ ውስን መስመር ይሰመራል። በሀ በኩልና በለ በኩል ለዚህ መስመር ቀጤ ነክ የሆኑ ሁለት መስመሮች ይወጣሉ። ማዕከሉ ሀ ሆኖ በለ የሚያልፍ ክብ፣ ማዕከሉ ለ ሆኖ በሀ የሚያልፍ ሌላ ክብ ይሳላል። በሀ ላይ የቆመው ክብ በሀ በኩል የወጣውን ቀጤ ነክ ከመስመሩ በላይ የሚቆርጥበት ነጥብ መ ይሆናል፤ በለ ላይ የቆመው ክብም የራሱን ቀጤ ነክ የሚቆርጥበት ሐ ይባላል። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በፖሊጎን ይያያዙና ረዳት መስመሮቹና ክቦቹ ይደበቃሉ። ይደበቃሉ እንጂ አይሰረዙም፤ ክቡ ከተሰረዘ በእሱ ላይ የተመሠረተው ነጥብ አብሮ ይጠፋል፣ ነጥቡ ሲጠፋ ደግሞ ካሬው ይሄዳል። አሁን ሀ ወይም ለ በየትኛውም አቅጣጫ ቢጎተት ካሬው ያድጋል፣ ያንሳል፣ ይዞራል፤ ካሬነቱን ግን አይለቅም።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው መ እና ሐ ላይ ነው። የመገናኛ ነጥብ መሣሪያን ትቶ ተራውን የነጥብ መሣሪያ ይዞ መገናኛው አጠገብ ይጫናል። ሲያዩት ልክ ቦታው ላይ ነው፤ ሲጎትቱት ግን ነጥቡ ወደ ኋላ ይቀራል። ስህተቱን ፈልጎ ለማግኘት ቀለሙን ማየት በቂ ነው። በራሱ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ሰማያዊ፣ በአንድ መስመር ወይም ክብ ላይ ብቻ የሚንሸራተት ነጥብ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ በሌሎች ነገሮች የተወሰነ ጥገኛ ነጥብ ደግሞ ጥቁር ወይም ግራጫ ሆኖ ይታያል። መ ሰማያዊ ከሆነ ግንባታው ክፍተት አለው። ሠላሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ እየተዘዋወረ ለሚያርም መምህር ይህ የቀለም ልማድ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ያሰበበትን ሰው በተለይ እናመሰግነዋለን።

ወደ አልጀብራ ስንመጣ ኳድራቲክ ፋንክሽን የጂኦጂብራ ዋና መድረክ ነው። በግቤት ሳጥኑ ውስጥ ኤፍ(ኤክስ) = ኤ·ኤክስ² + ቢ·ኤክስ + ሲ ተብሎ ይጻፋል። በፊደላቱ መካከል የማባዣ ምልክት ወይም ክፍተት ማድረግ ይለመድ፤ ተያይዘው ሲጻፉ ሁለቱን ፊደል እንደ አንድ ስም ሊቆጥራቸው ይችላል። ፕሮግራሙ ለኤ፣ ለቢ እና ለሲ ስላይደር (ቁጥሩን በጣት እየጎተቱ የሚቀይሩበት መስመር) ያዘጋጃል። የተለመደው ክልል ከ−5 እስከ 5 ነው፤ እርምጃው 0.1 ነው።

ስላይደሩን ለተማሪ ወዲያው መልቀቅ ግን ትምህርቱን ጨዋታ ብቻ ያደርገዋል። ጣት ይሮጣል፣ ግራፉ ይወዛወዛል፣ ምንም አይታሰብም። መጀመሪያ እስክሪብቶና ወረቀት! ኤ እና ቢ እንዳሉ ሆነው ሲ ብቻ ቢጨምር ግራፉ ወዴት ይሄዳል? ኤ ብቻ ከ1 ወደ 3 ቢያድግስ? ቢ ብቻ ከ0 ወደ 4 ቢሄድስ? ሁሉም ግምቱን ንድፍ አድርጎ ካስቀመጠ በኋላ ማሳያው ይከፈት። የሲን መልስ ሁሉም ያገኘዋል። የኤንም አብዛኛው ያገኘዋል። ቢ ላይ ሲደርስ "ግራፉ ወደ ጎን ይሄዳል" የሚለው መልስ ይበዛል። ማሳያው የሚያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ፓራቦላው (ቅስት የሚመስለው ግራፍ) ወደ ጎንም ወደ ታችም እየተጓዘ ይወርዳል፣ ዋይ አክሲስን የሚቆርጥበት ነጥብ ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

እዚህ ላይ አንድ እርምጃ መጨመር ያዋጣል። የቨርቴክሱን (ፓራቦላው የሚታጠፍበትን ጫፍ) ነጥብ በቀመር ያስገቡ፤ የመጀመሪያው መጋጠሚያ −ቢ/(2ኤ)፣ ሁለተኛው ደግሞ ኤፍ በዚያ ቁጥር ላይ ያለው ዋጋ ነው። ከነጥቡ ምርጫዎች ውስጥ ዱካ ማሳየት የሚለውን ያብሩና ቢን ብቻ ያንቀሳቅሱ። ቨርቴክሱ ጥሎት የሚሄደው ዱካ ራሱ ፓራቦላ ነው፣ ያውም የተገለበጠ። ኤ = 1 እና ሲ = 0 ሲሆን ዱካው በዋይ = −ኤክስ² ላይ ያርፋል። ጠቅላላው ደግሞ ዋይ = −ኤ·ኤክስ² + ሲ ነው፤ የላይኛ ክፍል ተማሪዎች ቢን ከሁለቱ መጋጠሚያዎች አጥፍተው በሦስት መስመር ሊያረጋግጡት ይችላሉ። ዱካው እየተሳለ ሳለ ማሳያውን ማጉላት፣ ማሳነስ ወይም ማንሸራተት ሥዕሉን ያጠፋዋል፤ ተማሪዎች "ተበላሸ" የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው። ኤ በ0 ላይ ሲያልፍ ደግሞ ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ይሆንና የቨርቴክሱ ነጥብ ይሰወራል። ለምን? ቀመሩ ውስጥ በዜሮ ማካፈል ስላለ ነው፤ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ማለፍ ጥሩ አጋጣሚን መጣል ነው።

ማሳያው ራሱ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች አሉ። ሳይን(30) ተብሎ ሲጻፍ የሚመጣው መልስ −0.99 ገደማ ነው፤ ተማሪው 0.5 ሲጠብቅ ይደነግጣል። ፕሮግራሙ 30ን የራዲያን (ከዲግሪ ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ቁጥር አድርጎ ስለሚወስደው ነው፤ የዲግሪ ምልክቱን ከቁጥሩ ኋላ መጨመር ይፈታዋል። ሁለተኛው ማጠጋጋት ነው። የቁጥሮቹ ማሳያ በተለመደው አቀማመጥ ሁለት የአስርዮሽ ቤት ብቻ ስለሆነ የአንድ ሦስት ማዕዘን ማዕዘኖች 45.33፣ 60.33 እና 74.33 ተብለው ሊታዩ ይችላሉ። ድምሩ 179.99! ድምሩ 180 ነው የሚለው ቲዎረም ፈረሰ ብሎ የሚከራከር ተማሪ ካለ ሊደሰቱበት ይገባል፤ ማጠጋጊያውን ወደ አምስት ቤት ከፍ አድርጎ ራሱ ይመርምረው።

ሦስተኛው ሳያስታውቅ የሚጎዳ ነው። አክሲሱ በስህተት ከተጎተተ የኤክስና የዋይ ስኬል ይለያያል፤ ያኔ ክብ ሞላላ ይመስላል፣ ቀጤ ነክ መስመሮችም ዘመም ብለው ይታያሉ። ስኬሉን ወደ 1፡1 መመለስ ያስተካክለዋል። ከሁሉ የከፋው ግን በግራፍ የማይታየው ቀዳዳ ነው። (ኤክስ² − 1)/(ኤክስ − 1) ሲሣል ያለ እንከን የተዘረጋ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል፣ ኤክስ = 1 ላይ ግን ፋንክሽኑ ዋጋ የለውም። ኤፍ(1) ብሎ መጠየቅ እውነቱን ያወጣዋል። ተማሪ "ግራፉ ላይ አይቼዋለሁ" ሲል ይህቺ ምሳሌ ትበቃለች።

ሌሎችም ምስጋና የሚገባቸው አሉ። ዴስሞስ በኢላይ ሉበሮፍ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረ የግራፍ ማስያ ነው፤ ለፈጣን ግራፍና ለሠንጠረዥ ከጂኦጂብራ ይልቅ እሱን እንመርጣለን። የሙከራ ውጤቶችን በሠንጠረዥ አስገብቶ በእኩል ይሆናል ምልክት ፈንታ የሞገድ ምልክቷን (~) ቢጠቀሙ ለነጥቦቹ የሚቀርበውን መስመር ያሰላል። እሱም ሲከፈት በራዲያን ላይ ነው፤ ከቅንብሩ ወደ ዲግሪ ይቀየራል። ለክፍልፋይ ደግሞ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው ፌት የተባሉት ማሳያዎች አሉ። በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት ሥራ ነው። ታህቱ ሲጨምር ቁራሹ ለምን እንደሚያንስ ልጆች በእጃቸው እየቆራረጡ ያዩበታል።

በኢንተርኔት በቪዲዮና በልምምድ ስለሚያስተምረው ካን አካዳሚ ብዙ ስለተባለ በአጭሩ እንለፍ። ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ዋጋው ያለው በልምምዶቹ ላይ ነው ብለን እናምናለን፤ ቪዲዮውን ብቻ ያየ ተማሪ የገባው ይመስለዋል እንጂ እጁ አልሠራም። ተማሪው ልምምዱን ያስቀድም፣ ሲጣበቅ ብቻ ቪዲዮውን ይክፈት። ፍንጭ የሚሰጠው ቁልፍ ሲነካ ጥያቄው እንደተሳሳተ እንደሚቆጠር አስቀድሞ ይነገረው፤ አለዚያ ውጤቱን ሲያይ ይበሳጫል። ከአንድ ልምምድ 70 በመቶ ያገኘ ወደ መካከለኛው ደረጃ ይገባል፣ ቀጣዩ ደረጃ 100 በመቶ ይጠይቃል። እኩልታ መፍታት የከበደው ተማሪ ብዙ ጊዜ ችግሩ እኩልታው ሳይሆን ክፍልፋይና ኔጋቲቭ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ሁለት ክፍል ዝቅ ብሎ የዚያን ደረጃ ፈተና መውሰድ ጊዜ ይቆጥባል።

ፎቶ አንስተው መልስ የሚያወጡትን ፕሮግራሞች አንነቅፍም። ይሁንና ከተማሪው ሥራ በኋላ ለማረም እንጂ ከሥራው በፊት አይከፈቱ።

ተማሪ ከልምምድ ወጥቶ እንዲያስብ ለሚፈልግ መምህር የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው የሂሳብ ጥያቄዎች ድረ ገጽ ኤንሪች እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አለ። ጥያቄዎቹ ለደካማውም መግቢያ፣ ለጎበዙም ማምሻ ሥራ አላቸው። ከዚህ ጎን ኒል ስሎን እ.ኤ.አ. በ1964 መሰብሰብ የጀመሩት የቁጥር ተከታታዮች ኢንሳይክሎፒዲያ ይቀመጥ። ሁለቱን ከጂኦጂብራ ጋር የሚያጣምር አንድ የታወቀ ጥያቄ እነሆ። በክብ ላይ ነጥቦች አስቀምጡ፣ ሁሉንም እርስ በርስ በመስመር አገናኙ፣ ክቡ ስንት ክፍል ሆነ? በአንድ ነጥብ 1፣ ከዚያ 2፣ 4፣ 8፣ 16። ስድስተኛው ስንት ነው ሲባሉ ሁሉም 32 ይላሉ። በጂኦጂብራ ሠርተው ሲቆጥሩ 31 ያገኛሉ፤ አንዳንዱ ግን 30 ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ቆጠራ ትክክል ነው። 30 ያገኘው ነጥቦቹን እኩል ርቀት ላይ ስላስቀመጣቸው ሦስቱ ረጃጅም መስመሮች ማዕከሉ ላይ በአንድ ነጥብ ተገናኝተው አንድ ክፍል ዋጡ። አንዱን ነጥብ ትንሽ ቢያንሸራትት መሐሉ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ብቅ ትላለች። ከዚያ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 31 ብሎ በኢንሳይክሎፒዲያው ቢፈልግ ቀጣዩ 57 መሆኑን ከነቀመሩ ያገኛል።

ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ኮሊብሪ የተባለውን የትምህርት ፕሮግራም እንጠቁማለን፤ ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ድርጅት በነጻ የሚያቀርበው ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በዋይፋይ ከሱ ጋር ይገናኙና በብራውዘራቸው ይከፍቱታል፤ ከውጭ መስመር ጋር መገናኘት አያስፈልጋቸውም። የካን አካዳሚ ልምምዶችና ቪዲዮዎችም በውስጡ ይገኛሉ። ይዘቱ በአንድ ጥሩ መስመር ባለበት ቦታ ወርዶ በፍላሽ ወይም በውጫዊ ዲስክ ይመጣል። ሙሉውን ቻናል (የትምህርቶቹን ጥቅል) ማውረድ ብዙ ጊጋባይት ስለሚወስድ የሚያስፈልገውን የሂሳብ ምዕራፍ ብቻ እየመረጡ ማውረድ ይሻላል፤ ቦታው የሚሞላው በቪዲዮ ነው፣ ልምምዱ ቀላል ነው። የጂኦጂብራ ክላሲክ 5 መጫኛም በዚያው ፍላሽ ላይ አብሮ ይቀዳ፤ ሳይጫን በቀጥታ የሚከፈት ቅጂም ስላለው የመጫን ፈቃድ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ይህኛው ይሻላል።