ለ"ጋሽ ቧንቧ" ምስጋና፣ ቧንቧ ሠሪ ላጣችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ጎረቤቶቼ! በተለይ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ቂሊንጦ ያላችሁ ወላጆች። ዛሬ የመጣሁት ለማመስገን ነው። ቤታችሁ ወይም የልጆቻችሁ ት/ቤት የውሃ መስመር ተበላሽቶባችሁ ከሆነ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ትንሽ ይረዝማል። የዓመቱ ንዴት በሁለት መስመር አላልቅ ብሎኝ ነው።

ልጆቼ የሚማሩት እዚሁ ሰፈር ባለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ት/ቤት ነው። እኔም የወላጆች፣ የተማሪዎችና የመምህራን ኅብረት ውስጥ አለሁበት። ወተመህ የምንለው። ዘንድሮ ስብሰባችን ሁሉ ስለ ውሃ ነበር። ስለ ውጤት እናውራ ብለን እንቀመጣለን፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሮቶው ላይ ይመጣል።

ውሃ በፈረቃ መምጣቱን እንኳ ለምደነዋል። ከተማ ዳር የሚኖር ሰው ጀሪካን መደርደር ማንም አያስተምረውም። የኛ ነገር ግን ግራ ነበር። በፈረቃችን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሲቀዳ፣ ት/ቤቱ ግቢ ውስጥ ቧንቧው ሹ... ብሎ ዝም ይላል። ሮቶው ባዶ ነው። ሂሳቡ ግን ከች ይላል፣ ያውም ተቆልሎ። የማን ውሃ ነው የምንከፍለው? መልስ የሚሰጠን አጣን።

እንደምታውቁት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ት/ቤቶች ልጆቻችን ቁርስና ምሳ እዚያው ይመገባሉ። ስንቱን ቤት አሳርፏል! ግን ያለ ውሃ ምን ይበስላል? የሚያበስሉት እናቶች ገና ጎህ ሳይቀድ ጀሪካን ይዘው ከኮንዶሚኒየሙ ይቀዱ ነበር። አንዷ የደረጃ ጎረቤቴ ናት። ወገቧን እስካሁን ያማታል። አንዳንዴ በቦቴ ይገዛል፣ ግን በየቀኑ ቦቴ የሚችል ት/ቤት የታለ?

ሽንት ቤቱን ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። ግማሹ ተቆለፈ። የቀረው ደግሞ ባይከፈት ይሻል ነበር። ትንሿ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ጠዋት ሃይላንዷን ሞልቼ እሰጣታለሁ፣ ማታ እንደሞላ ይመለሳል። "ለምን አልጠጣሽም?" ስላት "ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣላ" አለችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ እንዲህ አስባ ውሃ ስትተው ምን ትላላችሁ? በኋላ ትኩሳት ያዛት፣ ሐኪም ቤት ሮጥን፣ ኢንፌክሽን ነው ተባለ። ትልልቆቹ ሴቶች ደግሞ የወር አበባቸው በመጣ ቁጥር ከክፍል ይቀራሉ። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል መምህራን ስም ሲጠሩ ያውቁታል፣ ደፍሮ የሚናገረው ግን ትንሽ ነው። እነዚህ የስድስተኛ ክፍል ልጆች እኮ ከተማ አቀፍ ፈተና የሚጠብቃቸው ናቸው።

ከወላጅ ብር አዋጣን። የቀን ሥራ የሚሠራ አባት ሳይቀር ከኪሱ አወጣ። የሰፈራችን እድርም ጨመረልን። ያንን ብር ምን እንዳደረጉት ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፣ ለራሳቸው ያውቁታል።

የመጀመሪያው ቀብድ ተቀበለ። "ዕቃ ልግዛ" ብሎ መርካቶ ሄደ። ይኸው እንደሄደ ነው። ስልኩም ከዚያ ወዲህ አይሠራም።

ሁለተኛው መጣና ግቢውን ቆፈረው። ከቆፈረ በኋላ "መስመሩ በሙሉ መቀየር አለበት" አለ። የጠራው ዋጋ ራስ ያዞራል። አንችልም ስንለው ጉድጓዱን እንደተከፈተ ትቶልን ሄደ። አንድ ልጅ ገብቶበት እጁ ተሰብሯል። ሲሄድ ደግሞ የድሮዎቹን የናስ ቧንቧዎች "ቆሻሻ ነው" ብሎ ጭኗቸው ነው። ናስ ስንት እንደሚሸጥ ያወቅነው በኋላ ነው።

ሦስተኛዎቹ ኮፍያቸው ላይ የድርጅት ስም ያሠፈሩ ናቸው። ቢዝነስ ካርድ፣ ደረሰኝ፣ ማኅተም፣ ሁሉም አለ። ፓምፑ ነው የሞተው ብለው አዲስ ፓምፕ ገጠሙ። ከሮቶው ውሃ ሳይመጣ ሳምንት አለፈ። ስንደውል "ዋስትናው ለፓምፑ ነው፣ ፓምፑ ደግሞ ይሠራል" አሉን። እውነታቸውን ነው፣ ይሠራል። ባዶውን ይጮሃል።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ግንቦት ገባ። ርዕሰ መምህርታችን ተስፋ ቆርጣ ነበር። ያኔ ነው የጥበቃው አባባ "የጠበል ቤቱን ቧንቧ የሠሩ ሰውዬ አሉ፣ እሳቸውን ለምን አትሞክሩም?" ያሉን። ማን ሰማቸው! ሁላችንም ሰልችቶናል። ቢሆንም ደወልን።

መጡ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ወሬ የሚወዱ ሰው ናቸው። ልጆቹ በሁለተኛው ቀን "ጋሽ ቧንቧ" አሏቸው፣ እኛም ተከተልን። የዕቃ ቦርሳቸውን በር ላይ አስቀመጡትና ሳይከፍቱት ግቢውን ዞሩ። የጽዳት ሠራተኛዋን ጠየቁ፣ የሚያበስሉትን እናቶች ጠየቁ፣ አባባን ጠየቁ። ውሃ የሚመጣው በስንት ሰዓት ነው? መጀመሪያ የሚቀንሰው የትኛው ጋ ነው? እስከዚያ ቀን ድረስ እነዚህን ሰዎች የጠየቀ አልነበረም፣ እኛ ኮሚቴዎቹም ጭምር። ከዚያ የግቢውን ቧንቧ በሙሉ አዘጉና ቆጣሪው ፊት ቁጢጥ አሉ። ቆጣሪው ይዞራል። ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው በአጥሩ ጥግ ሄዱ።

ግቢያችን ግንቦት ላይ አቧራ ብቻ ነው። አጥሩ ሥር ግን አንድ ቦታ ሣሩ ለምልሟል። ዓመቱን ሙሉ አልፈንበታል፣ ልጆች ተቀምጠውበታል። እሳቸው በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉትና "ይሄን ማን ነው የሚያጠጣላችሁ?" አሉን።

እዚያው ተቆፈረ። ቧንቧው ተሰብሮ ውሃው ለመሬት ይገብራል። ከዚያ ወዲያ ምን ቆርጠው ምን እንደቀጠሉ አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ በሚቀጥለው ፈረቃ ሮቶው ሞልቶ ፈሰሰ። እናቶቹ እልል አሉ። ጎረቤቴ ወገቧን ይዛ ነው እልል ያለችው።

ሂሳቡን ደግሞ በልጄ ደብተር ወረቀት ጻፉልኝ። ዕቃው ለብቻ፣ የእጃቸው ለብቻ። "ዕቃውን እናንተው ግዙት፣ እኔ በሰው ብር መርካቶ አልሄድም" አሉ። ሳቄ መጣ፣ ታሪካችንን የነገራቸው ሰው ሳይኖር አይቀርም። ያ ሞቷል የተባለውን የድሮ ፓምፕ ከዕቃ ቤት አስወጥተው ሞከሩት። ይሠራል! የሚስበው ውሃ አጥቶ እንጂ ጤነኛ ነበር። የፈቷቸውን አሮጌ የናስ ዕቃዎች በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥረው ለርዕሰ መምህርቷ አስረከቡ። "ለቁራሌው በርካሽ እንዳትሰጪው" ብለው አስጠነቀቁ ደግሞ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይሄ ነው።

የእጅ መታጠቢያው አዲስ ቧንቧ ሊገጠምለት ነበር። የድሮው ለትልቅ ሰው ቁመት የተሠራ ነው። ትንንሾቹ በእግራቸው ጣት ተንጠልጥለው ነው የሚደርሱበት፣ ውሃው በክርናቸው ወርዶ ሹራባቸው ውስጥ ይገባል። ማናችንም "ይቀየር" ያልን የለንም። ውሃ መምጣቱ ብርቅ ሆኖብን ስለ ቁመት ማን ያስባል? ጋሽ ቧንቧ ግን ሥራቸውን አቁመው "ከት/ቤቱ በጣም አጭሯን ልጅ አምጡልኝ" አሉ። ከቅድመ አንደኛ አንዲት ፍሬ የምታህል ልጅ መጣች፣ ዩኒፎርሟ ጉልበቷን አልፎ የሚወርድ። "ነይ እስቲ እናቴ፣ እጅሽን እንደምትታጠቢ አድርጊ" አሏት። አፈረች። እሳቸው ራሳቸው በርከክ ብለው በባዶ አየር እጃቸውን አሹ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ውሃ እንደገባበት ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳቀችና አብራቸው መታጠብ ጀመረች። ያኔ ከእጇ ከፍ አድርገው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጭረት አሠመሩ። "ይሄ የእሷ ነው" አሉ። ከዚያ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ፣ ከዚያ አንዷን መምህርት። ሦስት ጭረት፣ ሦስት ቁመት። ለዚህ የተለየ ብር አልጠየቁም። ማድረጋቸውንም ለማንም አላወሩም። እኔ እዚያ ባልቆም ኖሮ የሚያውቀው አይኖርም ነበር።

የስድስተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ደግሞ ግድግዳ መቆርቆሩን አቆሙ። ማንም አላላቸውም። ልጆቹ ሲፈተኑ እሳቸውና ረዳታቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ድምፅ የሌለውን ሥራ ይሠራሉ፣ ጎማ ይቀይራሉ፣ ያጥባሉ። ደወል ሲደወል መዶሻው ይነሣል።

እንከን የላቸውም አልላችሁም። ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ካሉ ሦስት ሰዓት ነው። ወሬያቸው ደግሞ አያልቅም፣ ቡና ከፈላ እንዲያውም አይነሡም። ግን ለሠሩት ሥራ ይህ ምን አላት? ቀብድ ይዘው ከሚጠፉት በሰዓት የማይመጡትን ሺህ ጊዜ እመርጣለሁ።

ሰኔ ላይ ልጆቹ ሰርተፍኬታቸውን ይዘው ወጡ። እኛ ግን ሥራ አልዘጋንም፣ የሚመጣው ዓመት እንደዘንድሮ እንዳይሆን ክረምቱን እየሠራንበት ነው። ይህም የጋሽ ቧንቧ ሐሳብ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ጣሪያውን እያዩ "ይሄ ሁሉ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?" አሉ። አሸንዳ እንሥራለትና የዝናቡን ውሃ ለብቻው ሮቶ እናጠራቅም አሉን። ሒሳቡን እኔም ሳይቀር ገባኝ፦ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 2,000 ሊትር ነው ማለት ነው። ትንሽ ይባክናል እንጂ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ አስቡት! ያ ሞተ የተባለው ፓምፕ አሁን ይህንን ውሃ ወደ ሽንት ቤቱ ይገፋል።

ታዲያ አንዱ ወላጅ "ልጆቹስ ቢጠጡት?" ብሎ ተነሣ። ጋሽ ቧንቧ ቀድመውት አስበውበታል። የጣሪያ ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ይወርዳል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ይደፋል፣ የቀረውም ለሽንት ቤትና ለጽዳት ብቻ ነው ብለው ቁርጥ አደረጉ። ያን የእጅ መታጠቢያ ለሕፃን ዝቅ ያደረጉ ሰው፣ የዝናቡን ሮቶ ቧንቧ ሕፃን እንዳይደርስበት ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ቀይ ቀለምም ቀቡት።

ለአባባና ለጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ፣ ቢፈስ በየት በኩል እንደሚዘጋ አሳይተዋቸዋል። ደጋግመው ራሳቸው እንዲዘጉት አደረጉ። አባባ አሁን ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ መዝጊያውን እያስጎበኙ ነው።

የቀረን የሴት ልጆቹ ሽንት ቤት በር፣ መቀርቀሪያና የውስጥ መስመር ነው። ነሐሴ ላይ ምዝገባ ሳይጠናቀቅ ያልቃል ብለውናል። ጳጉሜን ላይ ወላጆች ተሰባስበን ግቢውን እናጸዳለን፣ ያንን የተከፈተ ጉድጓድም እንደፍናለን። የልጃችሁ ት/ቤት ይሄው ከሆነ አካፋ ይዛችሁ ኑ። ቡናው በእኛ ነው።

ጋሽ ቧንቧ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! ዕድሜና ጤና ይስጥዎት! ልጄ አሁን ሃይላንዷን ባዶ አድርጋ ነው የምትመልሰው። የእናትነቴን ደስታ በዚህ ተረዱልኝ።

እናንተ ደግሞ ጥሯቸው። ለቤት ጥሯቸው፣ ለት/ቤት ጥሯቸው፣ ለመስጊድም ለቤተ ክርስቲያንም ጥሯቸው። የኮሚቴ አባላት፣ የሕዝብ ብር በእጃችሁ ያለ፣ በተለይ ለእናንተ ነው የምለው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጠፍኩም፣ "ሰው ተደራርቦ ይጠራኝና የማልደርስበትን ቃል እገባለሁ" ብለው ስለከለከሉኝ ነው። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው እሰጣችኋለሁ። እሑድ ከሰዓት በፊት አትደውሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። በሌላው ቀን ካላነሡ ጣሪያ ላይ ናቸው ማለት ነው፣ ሲወርዱ መልሰው ይደውላሉ።