ቴስቲናው ተቀየረ ተብዬ ከፈልኩ፤ ጣርማበርን የወረድኩት ግን በአሮጌው ነው

ይህን የምጽፈው ከደብረ ብርሃኑ ጋራዥ ከተመለስኩ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላኝ ነው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ንዴቴ ሲበርድ እጽፈዋለሁ ብል እንደማልጽፈው አውቃለሁ፤ እስከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው መኪናውን እየነዳ በዚያው በር ይገባል።

መጀመሪያውስ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። ሐሙስ ጠዋት ከተማው ውስጥ ጭድ የተጫነች አህያ ድንገት ከፊቴ ገባችብኝ። እርሷን ላድን መሪውን ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ የፊት ቀኙ ጎማ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ድንጋይ መታ። ፍጥነቴ ብዙ አልነበረም፤ ድምፁ ግን ሆዴን አላወሰው። ወርጄ አየሁ። ጎማው አልተነፈሰም፣ ፓራውልቱ አልተነካም፣ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ትንሽ ጭረት ብቻ ናት። ተመስገን ብዬ ጉዞዬን ቀጠልኩ። በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሳልፍ ግን መሪው እጄ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

በማግስቱ ልጆቼን ይዤ እናቴ ዘንድ ደብረ ሲና ልወርድ ነበር። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጉዶ በረትን አልፋችሁ ጣርማበር ስትደርሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ እንደወጣችሁ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ጭነት መኪና፣ ከፊት ጉም። የሚንቀጠቀጥ መሪ ይዞ እዚያ አይወረድም። ስለዚህ ዓርብ በማለዳ ጋራዥ ሄድኩ።

የጋራዡን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። የቆርቆሮ አጥር፣ በሩ ላይ የተደረደሩ ያለቁ ጎማዎች፣ እጁ ዘይት የማይነካ ንጹሕ ጃኬት የለበሰ አለቃ፣ ከመኪና ሥር እግሮቻቸው ብቻ የሚታዩ ልጆች። አለቃው ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው፣ መሪውን ግራና ቀኝ ወዘወዘው፣ ከዚያ ከንፈሩን መጠጠ። «ቴስቲናው አልቋል» አለ። ያለው ለእኔ አይደለም፤ አጠገቤ ለቆመው የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ነው። መኪናው የእኔ፣ ቁልፉ በእኔ እጅ፣ ገንዘቡ ከእኔ ቦርሳ፤ ማብራሪያው ግን ለልጁ። ያኔ ነበር ቁልፌን ይዤ መውጣት የነበረብኝ።

ቴስቲና መሪውን ከፊት ጎማው ጋር የሚያያይዘው የባራ፣ ማለትም የብረት ዘንጉ፣ ጫፍ ነው። ከላላ መሪ ያወላውላል፣ ከወለቀ ጎማው ወደፈለገበት ይዞራል። ይህን ስለማውቅ ደነገጥኩ፤ እርሱም መደንገጤን አየ። «የግራውም የቀኙም በአንድ ላይ ነው የሚቀየሩት» አለኝ። ለሁለቱ ዕቃ 5,200 ብር፣ ለእጅ ሥራ 1,500 ብር። አልተከራከርኩም። «እትዬ፣ ብርዱን አይችሉትም፤ ማዶ ካለችው ቡና ቤት ይቀመጡ፣ ሲያልቅ እንጠራዎታለን» አለኝ። የደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ ምን እንደሆነ ለምታውቁ ይህ ደግነት ነው የሚመስለው። ቁልፉን ሰጥቼው ሄድኩ። አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ቡና ጠጣሁ። ሃያ ዓመት ልጆችን «አሠራሩን ካላሳያችሁኝ ውጤቱን ብቻ አልቀበልም» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። የራሴን መኪና አሠራር ሳላይ ውጤቱን ተቀበልኩ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ።

አለቃው ራሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ቀስ ብሎ ፈታው። አንድ አሮጌ ቴስቲና ነበር፤ የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዷል፣ ግራሶው ደርቆ ጠቁሯል። ጫፉን በሁለት ጣቱ ይዞ ሲነቀንቀው ቀጭ ቀጭ አለ። ወደ ፊቴ አስጠግቶ ደግሞ ነቀነቀው። «ያዩታል እትዬ? ይህ ነበር ልጆችዎን ሊጨርስ የነበረው። እግዚአብሔር ነው እኔ ጋ ያመጣዎት» አለኝ። እንባዬ መጣ። አመሰገንኩት፤ እጁን ይዤ መረቅኩት። ከ6,700ው ላይ ለልጆቹ የሻይ ብዬ 300 ብር ጨመርኩ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም፤ ሕይወቴን ያተረፈልኝን ሰው ደረሰኝ መጠየቅ ነውር መስሎኝ። ልወጣ ስል «አላይመንት አያስፈልገውም?» አልኩት፤ የጎማዎቹን አቅጣጫ ለክቶ ማስተካከሉን ማለቴ ነው። «አያስፈልግም፣ ለክተን ነው ያሰርነው» አለ። መሪው ገና ከከተማ ሳልወጣ መንቀጥቀጡን ሲቀጥል ስልክ ደወልኩለት። «አዲስ ዕቃ እስኪላመድ ነው፤ በሰላም ግቡ» አለኝ።

በሰላም ግቡ።

ጣርማበርን የወረድኩት መሪውን በሁለት እጄ አንቄ ነው። ልጆቼ ከኋላ ይዘፍኑ ነበር፤ ዝም በሉ ብዬ ጮህኩባቸው። ደብረ ሲና መግቢያ ላይ አንድ ጎሚስታ አይቼ ቆምኩ። ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። መኪናውን በክሪክ አነሳ፣ የቀኙን ጎማ ፈታ፣ አገላበጠውና ዝም አለ። ከዚያ «እማማ፣ ይህንን ይዘው ነው ከላይ የወረዱት?» አለኝ። ጎማው በውስጥ በኩል፣ ከውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው በማያየው ፊቱ፣ የእንቁላል ያህል አብጧል። ቸርኬውም በዚያው በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል። ድንጋዩ ሲመታው የጎማው የውስጥ ክሮች ተበጥሰው ነፋሱ ላስቲኩን እየገፋው ነው፤ ይህ አይለጠፍም፣ አይጠገንም፤ ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ይፈነዳል አለኝ። መሪዬን ሲያንቀጠቅጠው የነበረው ይኸው ነው። ቴስቲና አልነበረም።

«ቴስቲናውማ ዛሬ ተቀይሯል» አልኩት። በባትሪ እያበራ ጎንበስ አለና ጠራኝ። «ይህ አልተነካም» አለ። ኮፒሊያው፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚገባበት ቀጭን የብረት ፒን፣ ዝጎ ከዳዶው ጋር ተጣብቋል፤ ቴስቲና ሲቀየር ኮፒሊያው ወጥቶ አዲስ ይገባል፣ አዲስ ደግሞ በአንድ ቀን አይዝግም። ከዚያ ራሴ አየሁት። አምና አዲስ አበባ አላይመንት ሳሠራ ባለሙያው ሥራው ሲያልቅ መቆለፊያ ዳዶውና ባራው ላይ አንድ ወጥ የቢጫ ቀለም መስመር ቀብቶ ነበር፤ ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል ብሎኝ ነበር። መስመሩ አልተሰበረም። ጭቃ ለብሶ፣ ከዳዶው ወደ ባራው ቀጥ ብሎ ያልፋል። በግራ በኩልም እንደዚያው። ከመኪናዬ ምንም አልወጣም፣ ምንም አልገባም። በፊቴ የተነቀነቀው ዕቃ የሌላ ሰው ነው።

ልጁን አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ ጎማውን የፈታ ሰው ይህን እብጠት ላያየው ይችላል ወይ? «ጎማውን በእጁ ያወጣ ሰው መዳፉ ያርፍበታል» አለኝ። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ እኔ ቡና ስጠጣ መኪናዬ ጨርሶ አልተነካም፣ ወይ እብጠቱን አይተው መልሰው ገጠሙት። ልጆቼን ይዤ ጣርማበርን እንደምወርድ ነግሬዋለሁ። ገንዘቤን ከመውሰዱ ይልቅ ይህ ነው ያቃጠለኝ። ሌባ ኪስ ይገባል፣ ይሄዳል፤ ይህ ግን በልጆቼ ስም አስፈራርቶ ገንዘብ ተቀበለኝና እነዚያኑ ልጆች ባበጠ ጎማ ገደል ላይ ሸኛቸው። መርቄው ወጣሁ። ምርቃቴን መልሼ ብወስድ እወድ ነበር።

ጎሚስታው ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማዬን፣ ገጠመልኝ። መንቀጥቀጡ ወዲያው ጠፋ። የጠየቀኝ 150 ብር ነው።

ዛሬ ተመለስኩ። ያበጠውን ጎማና በጋዜጣ የተጠቀለለውን ዕቃ ይዤ ነው የሄድኩት። አለቃው ጃኬቱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆሟል። ትናንት ወዲያ «እርስዎ» እያለ ያነጋገረኝ ሰው ዛሬ «አንቺ» አለኝ። «ደረሰኝ አለሽ?» ነው የመጀመሪያ ቃሉ። ስለ ቢጫው መስመር ስነግረው «እኛ ነን የቀባነው» አለ። ጭቃውንም እናንተ ናችሁ የቀባችሁት? አልኩት። አልመለሰልኝም፤ ዞር ብሎ ለአንድ ደንበኛ «ሴቶች ጎሚስታ የነገራቸውን ሁሉ ያምናሉ» አለና አብረው ሳቁ። ከጥግ ዕቃ በቤንዚን የሚያጥብ አንድ ልጅ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ስንጋጠም አንገቱን ደፋ። እርሱ ያውቃል። የቀየረም ያልቀየረም እርሱ ነው።

ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ መሆኑን በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አንብቤዋለሁ፤ ሳልጠይቅ የወጣሁት እኔ ነኝ። ያም ሆኖ ሰኞ ጎማውንና ፎቶዎቹን ይዤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

ጠርዝ ድንጋይ የመታችሁ እንደሆነ ጎማው ይፈታና ውስጠኛውን ፊት በዓይናችሁ እዩ፤ ውጭውን አይታችሁ አትመኑ። ዕቃ ሲቀየር አጠገቡ ቁሙ፣ ብርዱ ምንም ቢሆን። ከመጀመሩ በፊት የነበረውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቴስቲና ተቀይሮ አላይመንት አያስፈልግም የሚላችሁ ካለ አትመኑት። ደረሰኝ ጠይቁ።

ያ የተቀደደ ቴስቲና ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከአንድ ሰው መኪና የወጣ ነው፤ ያ ሰው በምትኩ አዲስ ገብቶለት እንደሆነ አላውቅም። በቅርቡ ከከተማው መውጫ አካባቢ ካለ፣ «ብርዱን አይችሉትም» ብሎ ቡና ቤት ከሚልክ ጋራዥ ያሠራችሁ ካላችሁ፣ ቁልቁለቱን ከመውረዳችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ኮፒሊያውን እዩት።