ፈርስት ፍላይት ኤርፖርት፦ ለትርፍ ጊዜ አብራሪ የሚገባ ግብ

የግል አብራሪነት ፈቃድ ካወጣን በኋላ ብዙዎቻችን እዚያው ሰፈራችን ሰማይ ላይ መዞር እናበዛለን። ግብ ያስፈልጋል። የእኔ ግብ ኖርዝ ካሮላይና፣ ኪል ዴቪል ሂልስ ያለው ፈርስት ፍላይት ኤርፖርት ነበር። ከቨርጂኒያ ሴስና 172 የተባለች ትንሽ አውሮፕላን ተከራይቼ ሄጄ አረፍኩበት። በጣም ወድጄዋለሁ።

ማኮብኮቢያው 3,000 ጫማ ርዝመትና 60 ጫማ ስፋት አለው። የመቆጣጠሪያ ማማ የለም፤ ያላችሁበትን በሬዲዮ ራሳችሁ እያሳወቃችሁ ነው የምታርፉት። ውቅያኖሱ ቅርብ ስለሆነ የጎን ነፋሱ አይናቅም። ፈቃድ ካወጣችሁ ገና ከሆነ መጀመሪያ ከአስተማሪ ጋር ተለማመዱ።

ዋናው ነገር ያለው ግን ከወረዳችሁ በኋላ ነው። ትንሽ በእግር እንደሄዳችሁ የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1903 በሞተር አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በዚያው ቀን አራት ጊዜ የበረሩበት ሜዳ ላይ ትደርሳላችሁ። የአራቱም በረራዎች ማረፊያ በድንጋይ ምልክት ተደርጎበታል። የመጀመሪያው 12 ሰከንድ፣ 120 ጫማ ብቻ! በእግር እንኳ ወዲያው ያልቃል። አራተኛው 59 ሰከንድ፣ 852 ጫማ። እዚያኛው ድንጋይ ጋ ቆሜ ወደ መነሻው ሳይ፣ በአንድ ቀን ይህን ያህል መሻሻላቸው ሰውነቴን ወረረኝ።

ነዳጅ የለም፤ ማንቲዮ ያለው ዴር ካውንቲ ኤርፖርት ቅርብ ስለሆነ እዚያ ሙሉ። የማኮብኮቢያ መብራትም ስለሌለ ሳይጨልም መነሳት ግድ ነው። ከ24 ሰዓት በላይ ማቆም አይፈቀድም። ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ።