የሳሎኗ ኮምፒውተር ሊኑክስ ላይ 9 ወር ሞላት

ከቲቪው ጀርባ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር አለችን። ፊልሙ፣ ሙዚቃው፣ የቤተሰቡ ቪዲዮ ሁሉ የሚታየው በእሷ ነው። ለዓመታት የምትሠራው በአንድ የታወቀ የንግድ ሶፍትዌር ነበር፤ ስሙ ይቅር። መጥፎ አልነበረም፣ እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር። ችግሩ እኔ ስተኛ እሱ ይለወጣል። ማታ የነበረው ቁልፍ ጠዋት የለም። የራሴን ፊልም ልከፍት ስል ያልጠየቅኩት ማስታወቂያ በረድፍ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ደግሞ ኢንተርኔት ተቋረጠና፣ አካውንትህን ማረጋገጥ አልቻልኩም ብሎ፣ አጠገቡ በተሰካ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ ቪዲዮ አላሳይም አለኝ። እማዬ ሶፋው ላይ ሆና "አንተ ልጅ፣ ይቺ ዕቃህን ዛሬም አመማት?" አለችኝ። በቃ፣ ያን ቀን ቆረጥኩ።

የመረጥኩት ሊብረኤሌክን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦፕንኤሌክ ከሚባል ፕሮጀክት ተገንጥሎ የወጣ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ፣ ግን ነፃ የሆነ ሲስተም) ነው፤ ሥራው አንድ ብቻ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ኮዲ የሚባለውን የፊልምና የሙዚቃ ማጫወቻ ማስነሳት። ኮዲ ያው ድሮ ኤክስቢኤምሲ ይባል የነበረው፣ ለኤክስቦክስ ተብሎ ተጀምሮ በ2014 ስሙን የቀየረው ነው። ኡቡንቱ የሚባለውን ባለ ዴስክቶፕ ሊኑክስ ጭኜ ኮዲን እላዩ ላይ ማድረግ እችል ነበር። ግን ሳሎን ውስጥ ዴስክቶፕ ምን ይሠራልኛል? ሊብረኤሌክ ላይ ዋናው ሲስተም ያለበት ክፍል ለንባብ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ሴቲንጉና ዳታቤዙ ሌላ ክፍል ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ እንደኔ እጁ የማያርፍ ሰው እንኳ ሲስተሙን በቀላሉ አያበላሸውም።

አጫጫኑ ብዙ ወሬ የለውም። ፍላሽ ላይ ጻፍኩት፣ ከፍላሹ አስነሳሁት፣ ዲስኩ ላይ ጫንኩት፣ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ለተራ ኮምፒውተር ሁለት ዓይነት ፋይል አለ። ኤንቪዲያ ግራፊክስ ያለው ሰው ሌጋሲ የሚለውን ነው ማውረድ ያለበት። የኔዋ ሰባተኛ ትውልድ ኢንቴል ስለሆነች በተለመደው ፋይል ሄደልኝ፤ ኤችኢቪሲ በሚባለው አጨማመቅ የተሠራ ባለ 10 ቢት ቪዲዮ እንኳ ግራፊክሱ ራሱ ስለሚፈታው ማራገቢያው አይጮህም።

ራስ ምታቱ ሃርድ ዲስኩ ነበር። 4 ቴራባይት፣ ሙሉው በኤንቲኤፍኤስ፣ በዊንዶውስ የፋይል አቀማመጥ። ሊኑክስ ኤንቲኤፍኤስ ያነባል፣ ይጽፋልም፤ ከከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 5.15 ጀምሮ የተሻለ ድራይቨር ገብቶለታል። እኔ ግን ልማድ አለብኝ። ዲስኩን ነቅዬ ላፕቶፑ ላይ እሰካለሁ፣ ፊልም እጨምርበታለሁ፣ ላፕቶፑን አጠፋለሁ፣ ዲስኩን መልሼ አመጣለሁ። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው የዊንዶውስ ቶሎ ማስነሻ በርቷል፤ ጠፋሁ ሲል በደንብ አይጠፋም፣ ግማሽ እንቅልፍ ነው የሚተኛው፣ ዲስኩም ገና ሥራ ላይ እንዳለ ተደርጎ ይቀራል። ሊኑክስ ይህን ሲያይ ይጠነቀቃል። ወይ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል፣ ወይ ጭራሽ አልከፍትም ይላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ኬብል ጠረጠርኩ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳ ቀያየርኩ፣ ዲስኩ ሊሞት ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ኢጀክት ሳላደርገው እየነቀልኩት።

በመጨረሻ ሁሉንም ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጬ ይህን በሊኑክስ አቀማመጥ፣ ኤክስት4 አደረግኩትና መልሼ ሞላሁት። ቤት ለመቀባት ዕቃ ሁሉ ውጭ እንደማውጣት ነው፣ አሰልቺ። ፋይሉ ሲገለበጥ አንድ ሌሊት ተኩል ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ዲስኩን አልነቀልኩም፤ ፊልም መጨመር ስፈልግ ፋይል በሚያጋራው ሳምባ፣ በቤቱ ኔትወርክ እልካለሁ። ያለፉት ሰባት ወራት አንዴም አላስቸገረኝም።

ሁለተኛው ነገር ሪሞቱ ነው። እማዬ ሁለት ሪሞት አትይዝም፣ ኪቦርድማ ጭራሽ አታስቡት። ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ቢሆን ኖሮ ኤችዲኤምአይ ሲኢሲ (የሪሞቱን ትእዛዝ በኤችዲኤምአይ ኬብሉ የሚያስተላልፈው) አብሮት ስለሚመጣ የቲቪው ሪሞት ኮዲንም ያዝ ነበር። አብዛኛው ተራ ኮምፒውተር ግን ይህ የለውም። ስለዚህ በኤችዲኤምአዩ መሃል የሚገባ፣ በዩኤስቢም የሚሰካ ትንሽ የሲኢሲ አዳፕተር ጨመርኩ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው የምመርጠው። ሊኑክስ ይሁን ምን ይሁን እማዬን አያገባትም፤ ወደ ታች ስትጫን ወደ ታች ይሄዳል፣ ተመለስ ስትለው ይመለሳል፣ ነገም እዚያው ነው።

ምስሉስ? እዚህ ላይ አንድ ሴቲንግ አለች፣ መጀመሪያ ጠፍታ ነው የምትመጣው። ፊልም ባብዛኛው በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚቀረጸው። ቲቪው 60 ሄርዝ ላይ ካለ 60 ለ24 እኩል ስለማይካፈል አንዱ ምስል ሁለቴ፣ ቀጣዩ ሦስቴ ይታያል። ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ምስሉ ኮረኮንች ላይ የሚሄድ የሚመስለው ለዚህ ነው። የቲቪውን ሄርዝ ከፊልሙ ጋር የምታስተካክለውን አማራጭ ሳበራ ነገሩ ለሰለሰ። ለዓመታት ዓይኔ ነው እያልኩ ነበር እኮ!

የአማርኛ ሰብታይትል መጀመሪያ ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኖ መጣ። ፎንቱ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የኮዲ ፎንት ፎልደር ውስጥ ከትቼ ከሰብታይትል ሴቲንጉ መረጥኩት፣ አምስት ደቂቃ።

አሁን ወደ ኪሳራው። የቱን አይተን የቱን እንዳላየን የሚያሳየው የዓመታት ምልክት ሁሉ አሮጌው ሶፍትዌር አካውንት ውስጥ ቀረ። ከዚያ ማውጣት አይቻልም። ፊልሞቹ የኔ ነበሩ፣ ምልክቶቹ ግን የኔ አልነበሩም፤ ይህን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም። ኮዲ ላይ ላይብረሪውን ወደየራሱ ፋይል ላክ ስለው መረጃው ኤንኤፍኦ በሚባል የጽሑፍ ፋይል ከየፊልሙ አጠገብ ይቀመጣል፤ በየወሩ እልካለሁ። ነገ ኮዲም ቢሰለቸኝ ይዤው እሄዳለሁ።

ሌላው ኪሳራ ትልቁ ነው፣ አልሸፋፍነውም። በክፍያ የሚታዩ የፊልም አገልግሎቶችን በዚህ ማሽን በ4ኬ ማየት አይቻልም። ዋይድቫይን የሚባለው መቆለፊያ ከፍተኛውን ጥራት የሚፈቅደው ጥበቃው በሃርድዌር ለተረጋገጠ ዕቃ ነው፣ ተራ ኮምፒውተር ላይ ያለ ሊኑክስ ደግሞ ያን ማረጋገጫ አያገኝም። እኛ ለዚህ የቲቪውን የራሱን አፕ ነው የምንጠቀመው። እሺ፣ ትንሽ ያስጠላል።

አፕዴት ላይ ሰነፍ ሆኛለሁ፣ በደስታ። እኔ ካላዘዝኩት በራሱ ምንም እንዳይነካ አድርጌዋለሁ። እስካሁን ሁለቴ ብቻ አዘመንኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ መጀመሪያ ባካፕ ወስጄ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ማንም ቲቪ በማያይበት ሰዓት። ብትበላሽ የምወቅሰው ሌላ ሰው ስለሌለ ጠንቃቃ ሆኛለሁ። በሁለተኛው አንድ አሮጌ አድኦን (የኮዲ ተጨማሪ ፕሮግራም) አልነሳም አለ፣ አጠፋሁት፣ ማንም አልፈለገውም።

እህቴ ሰሞኑን መጥታ አየችውና የኔንም እንዲህ አድርግልኝ አለችኝ። ፍላሹ እጄ ላይ አለ። ግን መጀመሪያ የምታዪው የራስሽን ፋይል ነው ወይስ በየወሩ የምትከፍዪበትን ብዬ ጠየቅኳት። የምከፍልበትን አለች። ፍላሹን መልሼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።