ለ12 እና ለ24 ቮልት የሶላር መስመር የትኛው ስፒናና ሶኬት ይሻላል? ንጽጽር

የመብራት ኃይል መስመር ባልደረሰበት አካባቢ ሶላር የሚያስተክል ሰው ፓነሉን፣ ባትሪውንና ኮንትሮለሩን ለመምረጥ ብዙ ይደክማል፤ ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ ወይም ትንሿ ማቀዝቀዣ የሚሰኩበትን ሶኬት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለገጣሚው ይተወዋል። ገጣሚውም በየሱቁ የሚገኘውን፣ ለ220 ቮልት የተሠራውን የግድግዳ ሶኬት ይገጥምለታል። ይህ ጽሑፍ ከባትሪ በቀጥታ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኃይል) ለሚወስዱ መስመሮች የሚሆኑ አማራጮችን ያነጻጽራል፤ በኢንቨርተር ወደ ኤሲ (እንደ 220 ቮልቱ መስመር አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ ኃይል) የተለወጠውን መስመር አይመለከትም።

የኤሲ ሶኬት ለዲሲ የማይሆንበት ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው ብልጭታ ነው። በ50 ኸርዝ ኤሲ ፍሰቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚደርስ፣ ስፒና ሲነቀል የሚፈጠረው ብልጭታ ቶሎ ይጠፋል፤ ዲሲ ግን ዜሮ የሚደርስበት ጊዜ ስለሌለው ብልጭታው ይረዝማል፣ መገናኛውንም ይበላዋል። ይህ በ12 ቮልት ቀላል ነው፤ በ48 ቮልትና ከዚያ በላይ ግን በጣም ከባድ ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ በ12 ቮልት ቤት ዋናው ጠላትም እርሱ ነው። 60 ዋት የሚፈልግ ዕቃ ከ220 ቮልት 0.27 አምፔር ገደማ ሲወስድ ከ12 ቮልት 5 አምፔር ይወስዳል። በላላ መገናኛ ላይ 0.05 ኦም ሬዚስታንስ (ፍሰቱን የሚገታ ተቃውሞ) ቢኖርና 10 አምፔር ቢያልፍበት በዚያ ነጥብ ላይ 5 ዋት ሙቀት ይፈጠራል፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ሙቀቱ ሁሉ የሚከማቸው በአንዲት ቀጭን የብረት ምላስ ላይ ስለሆነ ፕላስቲክ ለማቅለጥ ይበቃል።

እንግዲህ የግድግዳውን ሶኬት እንመልከት። በአገራችን የተለመደው ባለሁለት ክብ እግር ስፒና ገልብጠው ቢሰኩትም ይገባል። ለኤሲ ይህ ችግር የለውም፤ ለዲሲ ግን ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ቦታ ተቀያየሩ ማለት ነው፣ መከላከያ የሌለው ዕቃም ወዲያው ይቃጠላል። ከዚህ የሚብሰው ግን መምታታቱ ነው። በአንድ የገጠር ሱቅ የባትሪው 12 ቮልትና የጄኔሬተሩ 220 ቮልት በአንድ ዓይነት ሶኬት ጎን ለጎን ተገጥመው አይቻለሁ፤ ባለሱቁ የሚለያቸው በቾክ በተጻፈ ምልክት ነበር፣ ግድግዳው ቀለም ሲቀባ ምልክቱም አብሮ ጠፋ። ሶኬቱ ላይ ከቮልቱ ቁጥር አጠገብ የሞገድ ምልክት (~) ብቻ ካለ የተፈተነው ለኤሲ ነው፤ የዲሲ ምልክት ቀጥ ያለ መስመርና ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር ነው። ስለዚህ የግድግዳውን ሶኬት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ከምርጫ ውጭ አድርጌዋለሁ።

የመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ከእርሱ ይሻላል። መሐሉ ፖዘቲቭ፣ ዙሪያው ኔጋቲቭ ስለሆነ ተገልብጦ አይሰካም፤ በየቦታው ይገኛል፤ ብዙዎቹ ስፒናዎችም ጫፋቸው ውስጥ ፊውዝ አላቸው። ይሁን እንጂ መጀመሪያ የተሠራው ሲጋራ ለማቀጣጠል እንጂ ለሰዓታት ኃይል ለማሳለፍ አይደለም። ጫፉ ላይ ያለችው ስፕሪንግ ስፒናውን ወደ ውጭ ስለምትገፋው ቀስ በቀስ ይላላል፣ የላላውም ይግላል። 10 ወይም 15 አምፔር ተብሎ ቢጻፍበትም እኔ ከ5 አምፔር በላይ አላምነውም። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነም ሳንቲም ሊገባበት ይችላል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ክዳን ያለውን መግዛት ይገባል።

ከትንንሽ የሶላር ኪቶች ጋር የሚመጣው ክብ ቀጭን ስፒና ለመብራትና ለሬዲዮ ይበቃል። የውጭ ስፋቱ 5.5 ሚሊሜትር ሆኖ የውስጡ ቀዳዳ 2.1 ወይም 2.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ሁለቱ በዓይን አይለዩም፣ ባለ2.5ቱ በ2.1 እግር ላይ ቢሰካ ይገባል እንጂ አይጨብጥም። 5፣ 9፣ 12 እና 19 ቮልት ሁሉም በዚሁ ቅርጽ ሊመጡ ስለሚችሉ የአንዱን ኪት ዕቃ በሌላው ላይ ከመሰካት በፊት ጽሑፉን ማንበብ ግድ ነው።

ከ5 አምፔር በላይ ለሚወስድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ለማቀዝቀዣ ወይም ለውኃ ፓምፕ፣ ምርጫዬ አንደርሰን የሚባለው ማገናኛ ነው። ወንዴና ሴቴ የለውም፤ ሁለቱ ወገን አንድ ዓይነት ሆኖ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። መገናኛ ብረቶቹ ወደ ውስጥ የገቡ በመሆናቸው ጣት በቀላሉ አይነካቸውም፣ በተሰኩ ቁጥርም እየተፋተጉ ይጸዳሉ። ትንሹ ዓይነት፣ ፓወርፖል፣ በአንድ መጠን የፕላስቲክ ቤት ውስጥ የ15፣ የ30 ወይም የ45 አምፔር ብረት ይቀበላል፤ ትልቁ ኤስቢ50 ደግሞ ለ50 አምፔር የተሠራ ነው። በኤስቢ ላይ የምወደው አንድ ቀለም ያለው ከሌላ ቀለም ጋር አለመግጠሙን ነው፤ 12 ቮልቱን በአንድ ቀለም፣ 24 ቮልቱን በሌላ ቀለም ያደረገ ሰው ስሕተትን መከላከሉን ለማስታወስ ችሎታ ሳይሆን ለፕላስቲኩ ቅርጽ ተወው ማለት ነው። ጉድለቱ ብረቱ በትክክለኛ የመጭመቂያ ፒንሳ መጨመቅ ያለበት መሆኑ ነው፤ በተራ ፒንሳ የተጨመቀ ካለመገጠሙ አይሻልም። ፓወርፖል ላይ ደግሞ ቀዩንና ጥቁሩን የሚያገጣጥመው ገጣሚው ስለሆነ፣ በቤቱ ያሉት ሁሉ በአንድ አቅጣጫ መሠራታቸውን በመልቲሜትር ማረጋገጥ አለበት።

ኤምሲ4 ከፓነሉ ጋር የሚመጣ የውጭ ማገናኛ ነው። ዝናብና ፀሐይ ይችላል፤ ነገር ግን ኃይል እያለፈበት መነቀል ስለሌለበት የቤት ሶኬት ሊሆን አይችልም። የአንዱን ፋብሪካ ወንዴ ከሌላው ሴቴ ጋር ማጋባትም፣ ቢገጥም እንኳ፣ መዘዝ አለው።

ለስልክና ለላፕቶፕ ዩኤስቢ ሲን የሚወዳደር የለም። ከ5 ቮልት ተነሥቶ ከፍ ያለውን የሚሰጠው ከዕቃው ጋር ከተስማማ በኋላ ብቻ ነው፤ አቅሙም 100 ዋት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ደረጃ 240 ዋት ይደርሳል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመውን ሲገዙ ከ12 ወይም ከ24 ቮልት የሚሠራ መሆኑን ይመልከቱ፤ ለ220 ቮልት የተሠራውም በመልክ ተመሳሳይ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ መግባት አለበት፤ መጠኑም ከሽቦውና ከሶኬቱ አቅም ማነስ እንጂ መብለጥ የለበትም። ሽቦውም ይታሰብበት፤ 5 ሜትር በሚርቅ ሶኬት ላይ በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ 10 አምፔር ቢሄድ፣ በመሄጃና በመመለሻው 0.74 ቮልት ገደማ ይጠፋል፤ ማቀዝቀዣ በባትሪው መድከሚያ ሰዓት የሚያጠፋው አንዳንድ ጊዜ ይኸው ነው። ገጣሚው ከመሄዱ በፊት ከባዱን ዕቃ ሰክተው ለግማሽ ሰዓት ያሠሩት፤ ከዚያ አጥፍተው ስፒናውን ይንቀሉና ፕላስቲኩን በእጅ ይዳስሱት። ለመጨበጥ የሚያቃጥል ከሆነ ሥራው አላለቀም፤ ሂሳቡን ሳይከፍሉ መገናኛውን እንደገና ያስጨምቁት።